ከባሕር ማዶ ካለ ትምህርት ቤት ጋር መወዳጀት፦ የወረት እንዳይሆን

በሁለት አህጉራት ያሉ ትምህርት ቤቶች ሲወዳጁ የመጀመሪያው ሰሞን ሁሌም ሞቅ ያለ ነው። ሰላምታ ይላላካሉ። ፎቶ ይለዋወጣሉ። ርዕሰ መምህሩ ባነር ያሠራሉ። ከዚያ ፈተና ይመጣል፣ ዕረፍት ይከተላል፣ አንዱ መምህር ይዛወራል፤ ነገሩ ጭጭ ይላል።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። የትምህርት ቤታችንን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ እመራለሁ። ከሌላ አህጉር ካለች አጋር ትምህርት ቤት ጋር የምንሠራውም በዚሁ ክበብ በኩል ነው። የሰነበቱትንም በአጭር የቀሩትንም ግንኙነቶች በቅርብ አይቻለሁ። የሰነበቱት አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አላቸው። ተማሪዎቹ አብረው የያዙት ሥራ አለ፤ ሁለቱም ወገን መልሱን የማያውቀው አንድ ጥያቄ። "የምትወደው ቀለም ምንድን ነው?" ሁለት ደብዳቤ አይዘልቅም። "በሳምንት ስንት ኪሎ ምግብ እንጥላለን?" ግን ዓመቱን ሙሉ ያጻጽፋል።

ይህን የምጽፈው ለመጀመር ላሰቡ መምህራን ነው። የክበብ ተጠሪ የሆናችሁ ተማሪዎችም ብታነቡት አይጎዳችሁም።

ጥያቄው ይቅደም

ዘላቂ ልማት ሲባል ብዙ ተማሪ ዓይኑ ይፈዛል። የስብሰባ ወሬ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 የኖርዌይዋ ግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የመሩት ኮሚሽን ያስቀመጠው ሐሳብ ግን ለልጅም ይገባል፦ የዛሬው ትውልድ የሚያስፈልገውን ሲያገኝ የሚመጣው ትውልድ የሚያስፈልገውን አይንጠቀው። የተባበሩት መንግሥታት አባል አገራት በሴፕቴምበር 2015 ያጸደቋቸው 17 ግቦች እዚህ ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው። በእነዚህ ግቦች ሥር 169 ዝርዝር ዒላማዎች አሉ።

17ቱን ባለቀለም ሳጥኖች ኮሪደር ላይ መለጠፍ ያምራል። አብሮ ለመሥራት ግን አንዱን ብቻ ምረጡ። ግብ 6 ስለ ውሃ ነው፣ ግብ 7 ስለ ኃይል፣ ግብ 12 ስለ ፍጆታና ስለ ብክነት። ሦስቱም ግቢያችሁ ውስጥ በእጅ የሚነኩ ናቸው። ርዕሰ መምህሩ "ይሄ ከትምህርቱ ጋር ምን አገናኘው?" ካሉ ዒላማ 4.7ን አሳዩዋቸው። እስከ 2030 ተማሪዎች ሁሉ ለዘላቂ ልማት የሚሆን እውቀትና ክህሎት እንዲያገኙ ይጠይቃል፤ የዓለም ዜግነትንም በስሙ ይጠቅሳል።

አሁን ግቡን ወደ ጥያቄ አውርዱት። "የአየር ንብረት ለውጥን እንዴት እንግታ?" ለንግግር ውድድር ይሆናል እንጂ ለሥራ አይሆንም። "ግቢያችን ውስጥ በሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቀን ስንት ሊትር ውሃ ይጠፋል? በእናንተስ?" ይሄ ይሠራል። መልሱ ቁጥር ነው። በርካሽ ዕቃ ይለካል። መልሱ ሲገኝም ተማሪው ራሱ የሚያደርገው ነገር አለ።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው። 100 ጠብታ ሚሊ ሊትር በተጻፈበት ኩባያ አጠራቅሙና የአንዱን መጠን አውጡ። ቧንቧው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚጥል ቁጠሩ። በቀን 86,400 ሰከንድ አለ። በሰከንድ አንድ ጠብታ ከጣለና ጠብታው ሩብ ሚሊ ሊትር ከሆነ በቀን 21.6 ሊትር ማለት ነው። ከአንድ ቧንቧ። ልጆቹ ይህን ቁጥር ራሳቸው ሲያገኙት ፊታቸው ላይ የሚታየውን ማንም ፖስተር አያመጣውም።

አጋር ከየት ይገኛል?

መንገዱ ብዙ ነው። ትልቁና የቆየው የዩኔስኮ ተባባሪ ትምህርት ቤቶች መረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ተጀመረ፤ ዛሬ በ180 ገደማ አገራት ከ12,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አሉበት። የሚገባበት በየአገሩ ባለው የዩኔስኮ ብሔራዊ ኮሚሽን በኩል ነው፤ ወረቀቱ ትንሽ ይበዛል። አይኧርን የሚባለው መረብ እ.ኤ.አ. በ1988 የሞስኮንና የኒው ዮርክ ግዛትን ትምህርት ቤቶች በማገናኘት የጀመረ ነው። መምህራን የጋራ ፕሮጀክት ፈልገው የሚቀላቀሉበት ቦታ ነው። ኢትዊኒንግ ከ2005 ጀምሮ የአውሮፓ ትምህርት ቤቶችን ያገናኛል። የጀርመን ትምህርት ቤት ካገኛችሁ ኤንሳ ስለሚባለው የልውውጥ ፕሮግራም ጠይቁ፤ ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ ትምህርት ቤቶች ጋር የሚደረግ አጋርነትን ይደግፋል፤ ማመልከቻውን የሚያስገባው የጀርመኑ ወገን ነው።

እኔ ግን አጭሩን መንገድ እመርጣለሁ። ውጭ የሚኖር የቀድሞ ተማሪ፣ ወይም ዘመዱ ሌላ አገር የሚያስተምር ወላጅ ፈልጉ። የሚያስተዋውቅ ሰው ያለበት ኢሜይል ይመለሳል። በጅምላ ለሃያ ትምህርት ቤት የተላከ ኢሜይል መልስ አያገኝም፤ ቢያገኝም ግማሹ ገንዘብ የምትጠይቁ ይመስለዋል።

የመጀመሪያው ደብዳቤ አጭር ይሁን። የትምህርት ቤቱን ታሪክ አታውሩ። የኛ አቀራረብ ይህን ይመስላል፦

"ጤና ይስጥልን። እኔ ዕድሜያቸው 13 እና 14 የሆኑ 32 ተማሪዎች ያሉበት የአካባቢ ክበብ መምህር ነኝ። አድራሻዎን ያገኘሁት ከሁለታችንም ወዳጅ ነው። በዚህ ዓመት ትምህርት ቤታችን በሳምንት ምን ያህል ምግብ እንደሚጥል ልንለካ አስበናል። እናንተም ብትለኩና ውጤቱን ብናነጻጽር ደስ ይለናል። ሥራው በሦስት ወር ውስጥ አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ገንዘብ አያስፈልገውም። እንግሊዝኛ በመጠኑ እንጽፋለን። ፍላጎት ካላችሁ እስከ ኦክቶበር 10 ይንገሩን፤ ባይመቻችሁም ቅር አንሰኝም።"

ሦስት ነገር ልብ በሉ። ሥራው ምን እንደሆነ ተነግሯል። ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ተነግሯል። እምቢ ለማለትም በር ተከፍቷል። የሥራ ብዛት የሚያስጨንቀው መምህር ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው።

ሁለት መምህር፣ አንድ ገጽ

ጓደኝነቱ በአንድ መምህር ትከሻ ላይ ከቆመ መምህሩ የተዛወረ ዕለት ያበቃል። በየትምህርት ቤቱ ሁለት ይሁኑ። ሁለተኛው ብዙ መሥራት የለበትም፤ ኢሜይሎቹ በግልባጭ ይድረሱት፣ የአጋሩን ስም ይወቅ፣ ይበቃል።

ከዚያ አንድ ገጽ ስምምነት ጻፉ። ማኅተም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ የጋራ ጥያቄያችን፣ የምንጻጻፍበት ቋንቋ፣ ለደብዳቤ መልስ የሚሰጥበት የጊዜ ገደብ (እኛ አስር ቀን ብለናል፤ "ደርሶኛል፣ ፈተና ላይ ነን" ማለትም መልስ ነው)፣ የፎቶ ደንብ፣ እና የማብቂያ ቀን።

የማብቂያ ቀን ስል ብዙዎች ይገረማሉ። "ጓደኝነት ያልቃል እንዴ?" ይላሉ። አንድ የትምህርት ዓመት ብላችሁ ወስኑና ሲያልቅ አድሱት። ማብቂያ የሌለው ነገር መቼ እንደሞተ አይታወቅም፤ ሁለቱም ወገን ተሸማቆ ይተወዋል። ቀን ካለው ግን ብታቆሙም በሰላም ነው፣ ብትቀጥሉም በፈቃድ ነው።

ቀኑን እንዲህ ጻፉ

ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ብዙ ቪዲዮ ጥሪ የሚበላሸው ግን በዚህ ነው። 05/06 ለአንዱ አገር ጁን 5 ነው፤ ለሌላው ሜይ 6። ስለዚህ የወሩን ስም ሁልጊዜ በፊደል ጻፉ። ሰዓቱን በሁለቱ ከተሞች ሰዓትና በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ማለትም በዩቲሲ፣ ሦስቴ ጻፉት። አብዛኞቹ የአውሮፓ አገራት ሰዓታቸውን በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ይቀይራሉ። አሜሪካ ደግሞ በማርች ሁለተኛ እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ። ከምድር ወገብ አቅራቢያ ያሉ አገራት አብዛኞቹ ጭራሽ አይቀይሩም። በማርች የያዛችሁት ቀጠሮ በአንድ ሰዓት ቢዛነፍ ማንም አልዋሸም።

የትምህርት ዘመኑም አይገጥምም። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ትምህርት የሚጀመረው በአብዛኛው በኦገስት ወይም በሴፕቴምበር ነው። በጃፓን በኤፕሪል። በአውስትራሊያ በጃንዋሪ መጨረሻ። ሁለቱን ካላንደር ጎን ለጎን አስቀምጡና ሁለቱም ትምህርት ላይ ያሉባቸውን ሳምንታት አክብቡ። የሚተርፈው ከምትገምቱት ያነሰ ነው። ሥራውን እዚያ ውስጥ ብቻ አስገቡ።

ዓለም አቀፍ ቀን ላይ ማሳረፍ ከፈለጋችሁ ማርች 22ን፣ የውሃ ቀንን፣ እመክራለሁ። በብዙ አገር ትምህርት አለ። የተባበሩት መንግሥታት የጓደኝነት ቀን ጁላይ 30 ነው። ስሙ ለእኛ የተሰፋ ይመስላል፤ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ያለው ተማሪ አብዛኛው ያኔ ቤቱ ነው።

መተዋወቂያ ሥራ፦ ጥላ መለካት

ትልቁን ጥያቄ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ የማሟሻ ሥራ ያስፈልጋል። ሁለቱ ክፍሎች መመሪያ መከተል፣ መለካትና ቁጥር መላላክ ይለምዳሉ። እኔ ከሁሉ የምወደው የኤራቶስቴንስን ሙከራ ነው።

ኤራቶስቴንስ ከ2,200 ዓመት በፊት እስክንድርያ ይኖር የነበረ ሊቅ ነው። በዓመቱ ረጅሙ ቀን እኩለ ቀን ላይ ዛሬ አስዋን በምትባለው ከተማ ፀሐይ አናት ላይ እንደምትሆን ያውቃል። በዚያው ሰዓት እስክንድርያ ላይ ግን ጥላ አለ። ማዕዘኑ 7.2 ዲግሪ ያህል ሆኖ አገኘው፤ የክብ አንድ ሃምሳኛ። የሁለቱን ከተሞች ርቀት በሃምሳ አባዝቶ የመሬትን ዙሪያ ገመተ። ሙከራው ሁለት ቦታ ይፈልጋል። አንድ ትምህርት ቤት ብቻውን ሊሠራው አይችልም፤ የመረጥኩትም ለዚህ ነው።

አሠራሩ እነሆ። አንድ ሜትር ቀጥ ያለ ዘንግ ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ። ቀጥ ማለቱን ክር ላይ በታሰረ ድንጋይ አረጋግጡ። እኩለ ቀን ከመድረሱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ጀምሩና በየሁለት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ጥላው እያጠረ ይሄድና መልሶ መርዘም ይጀምራል። አጭሩን ውሰዱ። እኩለ ቀንን የሚነግራችሁ የእጅ ሰዓት ሳይሆን ይሄ አጭር ጥላ ነው፤ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በየራሳቸው እኩለ ቀን ስለሚለኩ የሰዓት ልዩነቱ አያስጨንቅም።

ከዚያ ዘንጉንና ጥላውን ወረቀት ላይ በመጠን አሳንሳችሁ ሦስት ማዕዘን ሣሉ። በዘንጉ አናት በኩል ያለውን ማዕዘን በፕሮትራክተር ለኩ። ታንጀንት የተማሩ ከሆነ በካልኩሌተር ያውጡት። የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ጥላ ወደ አንድ አቅጣጫ ካመለከተ ማዕዘኖቹን ቀንሱ። አንዱ ወደ ሰሜን ሌላው ወደ ደቡብ ካመለከተ ደምሩ። 360ን ለዚህ ቁጥር አካፍሉና በሁለቱ መካከል ባለው የሰሜን-ደቡብ ርቀት አባዙ። ከ40,000 ኪሎ ሜትር ብዙ ካልራቀ እሰየው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ርቀቱን ለማግኘት የኬክሮሱን (ከምድር ወገብ ያለውን ርቀት በዲግሪ) ልዩነት በ111 ኪሎ ሜትር የሚያባዛ ጎበዝ ተማሪ አይጠፋም። ያ 111 የመጣው ከመሬት ዙሪያ ነው፤ መልሱን ከወዲሁ ጥያቄው ውስጥ ከተተው ማለት ነው። ርቀቱን ከካርታ ላይ በማስመሪያ ይለኩት። ሁለት ክፍል በዚህ ነጥብ ሲከራከር ማየት ደስ ይላል።

ሁለቱም በአንድ ቀን ይለኩ። በማርችና በሴፕቴምበር የፀሐይ ቦታ በየቀኑ በ0.4 ዲግሪ ገደማ ይቀያየራል። ደመና የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ዲሴምበር አጋማሽን ምረጡ፤ ያኔ ለውጡ በጣም ትንሽ ስለሆነ ሁለት ሦስት ቀን ቢዛነፍም አይጎዳም።

"ይሄ ከዘላቂ ልማት ጋር ምን አገናኘው?" ትሉ ይሆናል። የፀሐይ ማዕዘን ማለት እኮ የሶላር ፓነል በምን ያህል ያዘንብል ማለት ነው፤ ክረምቱ ለምን ይቀዘቅዛል ማለት ነው፤ ለመብራትና ለማሞቂያ ስንት ይወጣል ማለት ነው። ጥላውን የለካ ክፍል ስለ ኃይል ሲወራ የሚናገረው አያጣም።

ዋናው ሥራ፦ የሚጣለውን መመዘን

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2022 ዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል። በቤት፣ በምግብ ቤትና በሱቅ ብቻ። ዒላማ 12.3 በችርቻሮና በተጠቃሚ ደረጃ የሚጣለውን የነፍስ ወከፍ መጠን እስከ 2030 በግማሽ መቀነስ ይላል። ቢሊዮን ቶን ለልጅ ምንም አይነግረውም። ባልዲ ይነግረዋል።

አምስት የትምህርት ቀን ምረጡ። ባልዲና ሚዛን አዘጋጁ። ባዶውን ባልዲ መዝኑ። ከምሳ በኋላ የሚጣለውን በየቀኑ መዝኑና ለበላው ተማሪ ቁጥር አካፍሉ። ውጤቱ በግራም በአንድ ተማሪ ይሆናል። ጠቅላላውን ኪሎ ብትላላኩ 300 ተማሪ ያለውና 1,500 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ሊነጻጸሩ አይችሉም።

ከመመዘናችሁ በፊት ግን ምን እንደሚመዘን ተስማሙ። ልጣጭ ይቆጠራል? አጥንትስ? ሾርባና መረቅስ? ከቤት በምሳ ዕቃ መጥቶ ወደ ቤት የተመለሰው ትርፍራፊስ? በእኛና በአጋራችን መካከል ከሁሉ የረዘመው ደብዳቤ የተጻፈው በዚህ ጉዳይ ነው። ከሁሉ የተማርንበትም እሱ ነው። ልጣጭ ከምግብ አይቆጠርም ያሉም ነበሩ፤ ልጣጩን ቀቅለው የሚጠቀሙበትም ተገኙ። በመጨረሻ ሁለት ባልዲ ሆነ፦ ሊበላ ይችል የነበረና ሊበላ የማይችል።

ቁጥሮቹ ሲመጡ አትቸኩሉ። የአንዱ ትምህርት ቤት ቁጥር ዝቅ ቢል ልጆቹ ጨዋ ናቸው ማለት አይደለም። ምናልባት ትርፉ ለእንስሳት ይሄዳል። ምናልባት ምሳው ትንሽ ነው። ምናልባት ግማሹ ተማሪ ምሳ አይበላም። የሌላው ከፍ ቢል ልጆቹ ባለጌ ናቸው ማለትም አይደለም፤ ምናልባት ምሳ ለመብላት የተሰጣቸው 15 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ደንብ አውጡ፦ እያንዳንዱ ክፍል ስለ ሌላው ቁጥር ከመፍረዱ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። ለእኔ ዘላቂ ልማት የሚባለው ትምህርት ሙሉ በሙሉ ያለው እዚህች ደንብ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ልኬት ከሁለት ወር በኋላ ይሁን። በመሐል እያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ለውጥ ይሞክር። አንድ ብቻ፤ ሁለት ከሆነ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ለምሳሌ መጀመሪያ ትንሽ ቀርቦ የፈለገ ይድገም፣ ወይም የምሳ ሰዓቱ በአስር ደቂቃ ይርዘም። ውጤቱ ካልተለወጠም ይላክ። ያልሠራ ሙከራ አጋሩን ከድካም ያድነዋል።

ኔትወርክ ሲያስቸግር

ቪዲዮ ጥሪ ሁሉም የሚጠይቀው ነገር ነው። እኔ ብዙም አልወደውም። ሠላሳ ልጅ አንድ ስክሪን ላይ ተደራርቦ እጅ ያውለበልባል፤ ድምፅ ይቆራረጣል፤ "ይሰማችኋል?" ሲባባሉ ሰዓቱ ያልቃል። በዓመት ሁለቴ ይበቃል። ስታደርጉትም አምስት ተናጋሪ ብቻ ይመረጥ። ጥያቄዎቹ ከሳምንት በፊት ይላኩ። ኔትወርኩ ከደከመ ካሜራውን ዘግታችሁ በድምፅ ቀጥሉ።

የቀረው በጽሑፍ፣ በድምፅ መልእክትና በፎቶ ይሁን። አንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ደካማ ኔትወርክ ላይም ያልፋል። ልጁ ሦስቴ ቀድቶ ጥሩውን መላክ ይችላል፤ ቋንቋው ለሚከብደው ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው። ደብዳቤው በትርጉም ሶፍትዌር የሚያልፍ ከሆነ ዓረፍተ ነገሩ ይጠር፣ ቀልዱ ይቅር።

ፎቶን በተመለከተ አንድ የምወደው ሥራ አለ። በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሲጀመር፣ ከመማሪያ ክፍሉ መስኮት የሚታየውን ፎቶ አንሱ። ሁልጊዜ ከዚያው ቦታ። ልጆች ምረጡ ከተባሉ የሚልኩት የሚያምረውን ወይም ሌላው የሚጠብቀውን ነው። መስኮቱ አይመርጥም። ዝናቡ፣ አቧራው፣ በረዶው፣ የተቆረጠው ዛፍ፣ አዲሱ ፎቅ፣ ሁሉም በተራው ይመጣል።

ገንዘብና ስጦታ

እዚህ ላይ ግትር ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት ገንዘብም ዕቃም አይላክ። የተሻለ አቅም ያለው ትምህርት ቤት መርዳት ይፈልጋል፤ ከቅን ልብ ነው። ግን ሳጥኑ የደረሰ ዕለት ደብዳቤው ይቀየራል። የምስጋና ደብዳቤ መጻፍ የጀመረ ልጅ "እናንተ ብዙ ምግብ ትጥላላችሁ" ብሎ አይጽፍም። ሰጪውም ወገን ራሱን መመርመር ይተዋል፤ ዘላቂ ያልሆነ ኑሮ የሌላው ችግር ብቻ ይመስለዋል። የጋራ ወጪ ካለ፣ ሚዛን ወይም የኢንተርኔት ክፍያ፣ በጀቱን ሁለቱም ትምህርት ቤቶች አብረው ጽፈው አብረው ይዩት።

ስለ ድህነትና ስለ ሀብት ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ይምጣ። "ለምን ቤታችሁ ትልቅ ነው?" "ለምን መኪና የላችሁም?" ነውር አይደለም። መምህሩ ከመላኩ በፊት ያንብበው፣ የሚያቆስል ካለበት ከልጁ ጋር ይነጋገር እንጂ ጥያቄውን አይሰርዝ። የተሰረዘ ጥያቄ ግምት ሆኖ ይቀራል።

ልጆቹን መጠበቅ

ይህን ክፍል አትዝለሉ። ከመጀመሪያው ፎቶ በፊት የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ። ፎቶው ላይ የልጁ ሙሉ ስም አይጻፍ፤ የቤቱ በር ወይም የሰፈሩ ምልክት አይታይ። ደብዳቤ በመምህራኑ ኢሜይል በኩል ብቻ ይለፍ። ልጅና ልጅ ስልክ ቁጥር በግል አይለዋወጡ፤ ብዙዎቹ የማኅበራዊ ሚዲያ መተግበሪያዎችም ከ13 ዓመት በታች አይፈቅዱም። አጋራችሁ በአውሮፓ ኅብረት አገር ካለ ከሜይ 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የመረጃ ጥበቃ ደንብ ስላለ ከእናንተ የበለጠ ወረቀት ቢጠይቁ አይግረማችሁ። ጥብቁን ደንብ ሁለታችሁም ተከተሉ። ፎቶ አይነሳብኝ የሚል ልጅ እጁን ወይም ሥዕሉን ይላክ፤ ከሥራው አይገለል።

ፖስታ

በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ልጆች ይወዱታል፤ ይላክ። ግን ዘር፣ አፈርና ተክል በፖስታ አትላኩ። የአካባቢ ክበብ ልጆች መጀመሪያ የሚያስቡት ይህንኑ ነው፦ "የእኛን ዛፍ ዘር እዚያ ይትከሉት!" አብዛኞቹ አገራት የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት የሌለው ዘር አያስገቡም። ተባይና በሽታ ከአህጉር አህጉር የሚዞረው እንዲህ ነው። ክልከላውን ራሱን ትምህርት አድርጉት። ከዘሩ ይልቅ የቅጠሉን ሥዕል፣ ቁመቱንና የሚያብብበትን ወር ላኩ።

ልሂድ፣ ይምጡ

አንድ ቀን የጉብኝት ሐሳብ ይነሳል። ከመወሰናችሁ በፊት ተማሪዎቹ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በነፃ ባስቀመጠው ማስያ የአንድ ሰው የደርሶ መልስ በረራ ስንት ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያወጣ ያስሉት። ከዚያ ይከራከሩበት። አንዳንድ ክፍል "አንሂድ" ይላል። አንዳንዱ "ሁለት መምህር ብቻ ይሂዱ" ይላል። እኔ ጉብኝትን አልቃወምም፤ ፊት ለፊት የተያየ መምህር ዓመታት ይጻጻፋል። ቱሪዝም ከሆነ ግን አስቀሩት። የሚሄድ ሰው ካለ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ፣ ክፍል ገብቶ ያስተምር፣ ባልዲውንም ይመዝን።

ዓመቱ ሲያልቅ

ከመጨረሻው ሳምንት በፊት፣ ሰው ሁሉ ውጤት በማስገባት ሳይጠመድ፣ አንድ ፎልደር አዘጋጁ። ያልተነካካው የቁጥር ሠንጠረዥ ይግባበት፤ አማካዩ ብቻ አይበቃም። የተስማማችሁበት የአለካክ መመሪያ፣ የአንድ ገጹ ስምምነት፣ የመስኮቱ ፎቶዎችና የደብዳቤዎቹ ቅጂ ይጨመሩ። የወላጅ ፈቃዶቹ ግን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተቆልፈው ይቀመጡ። ቀጣዩ ክፍል ያንኑ ልኬት በዚያው ሳምንት ከደገመው በዓመታት መካከል ማነጻጸር ይቻላል።

ለአጋር መምህሩም በቀጥታ ጠይቋቸው፦ እንቀጥል? ጥያቄውን እንቀይር? የሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ ደብዳቤ የማን ተራ ነው? የመጨረሻው ካልተወሰነ ሁለቱም ሲጠባበቁ ግማሽ ዓመት ያልፋል። ፎልደሩን ለሚተካችሁ መምህር ስታስረክቡ ደግሞ የአጋሩን ኢሜይልና ስልክ በወረቀትም ጻፉላቸው፤ የይለፍ ቃል ይረሳል።